ሦስት አይጦችና አንድ በሬ

ስለዚህ ጉዳይ ለዓመታት ዝም ብያለሁ። ሰዎች ዝምታዬን ጭምትነት ይሉት ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም።

በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከአስፋልቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ቀንበር የላጠውን የበሬ ጫንቃ በአንድ ቁጥቋጦ ፍሬ ያድኑ ነበር። የፍሬውን ስም እንዳልገልጽ ለምነውኝ ሳለ በጥናቴ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ ቢያንስ እዚህ ልተወው። ፍሬው ተቀጥቅጦ በቅቤ ይለወስና ቁስሉ ላይ ይቀባል። የተቀባው በሬ ደግሞ ከጓዱ ተለይቶ ሰባት ቀን ለብቻው ይታሰራል።

«ለምን ይለያል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ እንዲያ ያደርግ ነበር።»

ሲቀቡ ከሚደግሙት ጸሎት ጋር አንድ ላይ አድርጌ፣ በማስታወሻዬ ላይ «ልማድ» ብዬ ጻፍኩት።

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ፍሬውን አድርቄ፣ ፈጭቼ፣ በአልኮል ዘፍዝፌ ጭማቂውን አወጣሁ። ነጫጭ አይጦችን አደንዝዤ፣ የገዛ ምላሳቸው የማይደርስበትን ጀርባቸውን ላጭቼ፣ ከቆዳቸው ክብ ቁራጭ አነሣሁ። ግማሾቹን ጭማቂው በገባበት ቅባት፣ ግማሾቹን ምንም መድኃኒት በሌለው ቅባት ቀባኋቸው። ደንቡ የቆሰለ አይጥ ሁሉ በየራሱ የሽቦ ቤት እንዲቀመጥ ያዛል። የሽቦ ቤት አነሰኝ። ስለዚህ አንድ መድኃኒት የተቀባ ከአንድ ካልተቀባ ጋር አጣመርኳቸው፤ ቁስላቸውን ጎን ለጎን ለማየት ያመቸኛል ብዬም ራሴን አሳመንኩ።

መድኃኒት የተቀቡት ቁስላቸው ፈጥኖ ጠበበ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ግን ካልተቀቡት ሦስቱን ሞተው አገኘኋቸው። አራተኛው የጓደኛውን ጀርባ ይልስ ነበር። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ፤ ቆዳ የሚያድነው ፍሬ ሲዋጥ መርዝ ነበር። አራተኛውን ለይቼ አተረፍኩት። ጥናቱን ከመጀመሪያው መድገም ይገባኝ ነበር። እኔ ግን በመዝገቡ ላይ «ቁስላቸው አመርቅዞ ሞቱ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸቱ መድኃኒቱን ይበልጥ አሳመረው፤ የታከመው ሲድን ያልታከመው የሞተ መሰለ።

ውጤቱን ልነግራቸው ወደ መንደሩ ወረድኩ።

«አይጥ?» ብለው ሳቁ ሽማግሌው። «እኛ ስንገድላቸው ዕድሜያችንን ፈጀን፤ አንተ ታክማቸው ጀመር?»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው፣ «ኧረ ዶክተር፣ ቀስ ብለህ አውራ! የኛ ጎተራ አይጦች ከሰሙ ተሰልፈው ይከተሉሃል» አሉ።

«ማን አቆሰላቸው ደግሞ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኛው ነን፣ አባባ።»

«አቁስለህ ታክማለህ? ለያይተህ አስቀመጥሃቸው?»

«አብረው ነበሩ።»

«ምንም አልሆኑም?»

«ምንም አልሆኑም» አልኩ።

«እንግዲያ ሰባት ሰባት ቀን እርሻ ስንፈታ የኖርነው በከንቱ ነው በለኛ!»

በዓመቱ ፍሬ ልለቅም ስመለስ በረታቸው ውስጥ አንድ በሬ ብቻ ቆሞ አየሁ። የተላጠውን ቀብተው፣ እርሻው እንዳይፈታ ብለው ከጓዱ ጋር አብረው አሳድረውታል። ጓዱ ሲልሰው ሰነበተ፤ ሞተ።

«እጄ ነው የከዳኝ፤ ሳላበዛው አልቀርም» አሉኝ። «አንተማ በመሣሪያ አይተህ ነግረኸኛል።»

ከዚያ ወዲህ የማንንም ከብት አልቀባም ብለዋል። የራሳቸውንም አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው በመቀናጆ ያርሱ ጀመር። ይህን ሁሉ ሰምቼ የቀረበልኝን ጠላ ጠጣሁ፤ ፍሬዬን ለቅሜ ተመለስኩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባለፈው ሰኔ፣ እንደገና ወረድኩ። ጫንቃው የቆሰለ በሬ የያዘ ጎልማሳ ደጃቸው ላይ ቆሞ ይለምናቸው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እጅዎ አልከዳዎትም። አይጦቹ ሞተው ነበር። የተቀባውን ልሰው ነው የሞቱት። ዋሽቼዎታለሁ።»

«ስንት ሞቱ?»

«ሦስት።»

«አውቀህ ነው የዋሸኸኝ?»

«አውቄ ነው።»

«የኔማ በሬ ነበር» አሉ።

በምርኩዛቸው ወደ ደጁ ጠቆሙ። «ይህን ሰው ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ተነሥና ለእሱ ንገረው። እኔ ስላንተ ስናገር አልውልም።»

ተነሥቼ ነገርኩት። ጎልማሳው ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ እኔ አላየም፤ «እንግዲህ ይቀቡልኛላ?» አላቸው።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ፤ የበሬውን ጫንቃ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ነገ ማለዳ ይዘኸው ና» አሉት።

በዚያ አገር እንግዳ ብቻውን አይሄድም፤ እስከ አስፋልቱ የሚሸኘው አይጠፋም። እኔ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ።