ጥጋቡና የቀጥቃጩ ውለታ

ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመቱ፣ ከንፋስ መውጫ በታች ጥጋቡ የሚባል ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲከድን ወድቆ ዳሌው ስለተሰበረ፣ እርሻውን ለወንድሙ ትቶ በርጩማ እየጠረበ ይኖራል። ለጎረቤት ልጆችም ከዋንዛ እንጨት በሬ ይቀርጻል። ሐሳቡ በሬው ማንም ሳይነካው እንዲራመድ ነበር። ሁለት ክረምት ለፋ፤ በሬው ግን አንድ እርምጃ ሳይሄድ በግንባሩ ይደፋል።

አንድ ቀን የወንድሙን ማረሻ ሊያሳስል ወደ ቀጥቃጩ ወደ ይግዛው ሄደ። ይግዛው ከሚስቱ ከታደለች ጋር ከመንደሩ ተነጥሎ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሰው ቡዳ ነው እያለ ስለሚፈራው ማረሻውን ከደጅ አስቀምጦ ከደጅ ይወስዳል። ሽማግሌው ጥጋቡ በብብቱ የያዘውን በሬ አየ።

«አንተ፣ እስቲ አምጣው» አለ። አገላበጠው። «እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዴት ይሂድ? ከታች አክብበው። ማጠፊያውንም በጠፍር አትሰረው፤ ቀጭን ብረት እሰጥሃለሁ።»

ጥጋቡ በማግሥቱ ተመለሰ። ሦስት ዓመት ተመላለሰ። ከጎጆው ውስጥ «አያ ይግዛው፣ እንዲህ ቢያደርጉትስ?» እያለ በአንቱታ ያናግረዋል፤ ገበያ ላይ ሲገናኙ ግን ፊቱን ያዞራል። ይግዛው አንድም ቀን ይህን አንሥቶበት አያውቅም።

በሬው ሄደ። ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ሲያስቀምጡት ራሱን እየነቀነቀ ቀስ እያለ ይወርዳል። የገበያው ሰው እየተጋፋ ያያል። «ማን አስተማረህ?» ሲሉት «እግዜር ገለጠልኝ» ይል ነበር።

በዚያው ዓመት የጎረቤቱ የየሻረግ ልጅ በበሬው ስትጫወት ውላ ትኩሳት ጣላት። መቃዠት ስትጀምር የሻረግ በሬውን ይዛ ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ በሬውን ተቀብሏት ማጠፊያውን አየ።

«ይህ ብረት የማን ነው?»

ጥጋቡ ከገበያ ገዛሁት ማለት ይችል ነበር። ሰው ሁሉ ሲያፈጥበት ግን ፈራና «የይግዛው ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀውም «ቡዳ መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ ጨመረበት።

ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ ይግዛው እሳት የሚያናፋበትን ወናፍ ቀደው ጎጆውን አፈረሱት። ባልና ሚስቱ አህያቸውን ጭነው በእስቴ መንገድ ሲወርዱ ጥጋቡ ከአጥር ኋላ ሆኖ አየ። ልጅቱ በአራተኛው ቀን አላባትና ተነሥታ እህል ጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ ጥጋቡ እንጨት መንካት አቃተው። ፋሱን ሲያነሣ የወናፍ ትንፋሽ ከኋላው ይሰማዋል። ቅዳሴ ላይም ሰው ጸጥ ሲል ያው ትንፋሽ ነው። ንስሐ አባቱ ጠበል አዘዙለት፤ ጠበሉ ሥር ቆሞም ሰማው።

«አባ፣ ሰይጣንማ ቢሆን ያስፈራራኝ ነበር» አላቸው። «ይህ ምንም አይለኝም። ሥራውን ነው የሚሠራ።»

በስድስተኛው ዓመት እያነከሰ እስቴ ወረደ። ታደለችን በሰው ጓሮ ሸክላ ስትሠራ አገኛት። ይግዛው እዚያ በደረሱ በወሩ ሞቷል።

«እትየ ታደለች፣ የተናገርሁባቸው እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን» አለች፣ እጇን ከጭቃው ሳታነሣ። «እሱማ እስከሚሞት የሚያወራው ስለ በሬው ነበር። ‹የኋላ እግሩን አላሳጠርንለትም› ይል ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የተበደለው እሱ ነው። እኔ ምን ብዬ ይቅር ልበልህ?»

ተመልሶ በገበያው መካከል «ያስተማረኝ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይግዛው ነው» አለ። ሰው የቡዳ ትምህርት ነው ብሎ በየቤቱ ያሉትን በሬዎች ጣለ፤ ወንድሙም አብሮት መብላት ተወ። የሻረግ ብቻ መጣች።

«ያን ዕለት በሬውን ይዤ የጮኽሁ እኔ ነኝ» አለችው። «ለነፍሱ ጸሎት ላስደርስለት። የክርስትና ስሙን ንገረኝ።»

ጥጋቡ አያውቀውም። ሦስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጦ አንድም ቀን አልጠየቀውም።

ስሙን ከሚስቱ ሊጠይቅ እንደገና እስቴ ወረደ። ታደለች ወደ ስማዳ ተሻግራለች አሉት። እስከ ስማዳ ከተማ እስከ ወገዳ ድረስ ሄዶ ከገበያተኛ ገበያተኛ ጠየቀ፤ የሚያውቃት አላገኘም።