ያልተሰረዘው ስም

ባለፈው ኅዳር እንጅባራ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ባዘጋጀው የንባብ ሳምንት ላይ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ከንግግሬ በፊት አንዲት ወጣት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አገልግሎታቸውን ሁሉ እየዞረች አሳየችኝ። ኮምፒውተሩ ዘንድ ስትደርስ ኩራቷን አልደበቀችም።

«ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ተዋሰ አንድም አይጠፋም፣ ዶክተር። ከስንት ዓመት በኋላም ቢሆን እናገኘዋለን።»

ክፍሉ ሞቃት ነበር። እኔ ግን ካፖርቴን ቆለፍሁ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው፤ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ለማስተማር ይልክ ነበር፤ ለእኔ ዳንግላ ደረሰኝ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትም በየትምህርት ቤቱ ለተመደቡት አንድ አንድ የእንጨት ሣጥን መጻሕፍት ያውስ ነበር። ከሣጥኑ ጋር የውሰት ካርዶች፣ የቀን ማኅተምና አንድ ግዴታ ይመጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሕዝብ የንባብ ሰዓት ማካሄድ። ሣጥኑን የተረከብሁት እኔ ነኝ። ከእኔ የባሰ ደንብ አክባሪ በመካከላችን አልነበረም።

የንባቡን ሰዓት በገበያ ቀን፣ ከቀትር በኋላ አደረግሁት። የትምህርት ቤቱ የባሕር ዛፍ አጥር በታሰሩ ፈረሶች ይሞላል፤ ክፍሉ እርጥብ ጋቢና ከገበያ የመጣ ትኩስ ድንች ይሸታል። ገበሬዎቹ የመጡት ለተረት አልነበረም። በዚያ ዓመት መሬት ሊለካ ነው፣ አዲስ ግብር ሊጣል ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆት ነበር፤ ከሣጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ የአዋጆች ጥራዝ ነበረ። አለኸኝ የሚባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማያንስ ጎልማሳ፣ ቆሞ በአማርኛ ያነብና በአዊኛ ይተረጉምላቸዋል።

ውሎ አድሮ ጥራዙን ወደየመንደራቸው ሊወስዱት ፈለጉ። ደንቡ የከተማ አድራሻና ፊርማ ይጠይቃል።

«ሚስ፣ የአጎቴ አድራሻ ከወንዙ ማዶ፣ ከሾላው ሥር ነው» አለ አለኸኝ። «ካርዱ ይበቃው ይሆን?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«እንግዲያው በእኔ ስም ይጻፉት። እዚሁ ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ መፈረሙንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ጻፍሁት። ከዚያ ወዲህ ጥራዙን በየሳምንቱ ሌላ ገበሬ ይወስደዋል፤ የሚፈርመው ግን አለኸኝ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ፈረመ። ደንቡ እንደ ተጣሰ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ካርዱ ሲያዩት ንጹሕ ነበር፤ ለእኔም ያ በቃኝ።

ግንቦት ገባ። ሰማዩ ከቀትር በኋላ ይጠቁራል፣ ያጉረመርማል፣ ሳይዘንብ ይመሻል። ወደ ንባቡ የሚመጣው ሰው በየሳምንቱ ሳሳ። በአንድ ዓርብ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሹም ገብቶ መጻሕፍቱን በጣቱ እየነካካ ዞረ።

«ጎበዝ ነሽ፣ ልጄ። ባላገሩ ሁሉ አንባቢ ሆነ አሉ።»

«ያነባሉ፣ ጌታዬ።»

«መቼም ማን ምን እንደሚያነብ መዝገብ ይኖርሻል። ሰኞ እመለሳለሁ።»

በማግሥቱ አለኸኝ መጣ። አልቀለደም።

«ሚስ፣ ስሜን ይሰርዙልኝ። ካልሆነም ካርዱን ያቃጥሉት። በወዲያኛው ወረዳ አዋጅ ያነበበውን ሁሉ ሕዝብ ያሳምፃል እያሉ ይይዙታል።»

ካርዱ በእጄ ነበር። ከእግሬ አጠገብ የከሰል ምድጃ ይነድ ነበር።

«መዝገብ አይሰረዝም» አልሁት። «ያላጠፋ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

«እሺ። ጥራዙ አሁን አጎቴ ዘንድ ነው። ቀኑ ሳያልፍ ይመለሳል» ብሎ ወጣ።

ሰኞ ሹሙ ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

«ዘጠኝ ጊዜ አንድ ስም። ይህን ሁሉ ያነበበው አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

ስሙን ገልብጦ ካርዱን መለሰልኝ። «መዝገብሽን አላጎድልብሽም» አለ።

ለብዙ ዓመታት በዚያች መልስ ገበሬዎቹን እንዳዳንሁ ስተርክ ኖሬአለሁ። ሐሰት ነው። ገበሬዎቹ በሐሳቤ አልነበሩም። ዘጠኝ ሰዎች ናቸው ብል ካርዴ የተሳሳተ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ የፈራሁት ይህን ብቻ ነው።

አለኸኝን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጠርተው ወሰዱት። ደብተሩ እንደ ተገለጠ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

በገበያው ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረሱን ከአጥሩ አስሮ ገባ። ከሾላው ሥር ያለው አጎት ነው። በነጠላ የጠቀለለውን ጥራዝ ፈትቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

«እሜቴ፣ ቀኑ ዛሬ ነው አይደል? ልጁ አደራ ብሎኝ ነበር» አለ፣ አማርኛውን እየመረጠ። «ሲፈቱት እዚህ ስሙ እንዳይበላሽበት።»

ማኅተሙን አነሣሁ፤ ካርዱ ላይ መታሁ። ከጎኑም በጊዜው ተመልሷል ብዬ ጻፍሁ።

እንጅባራ፣ ኮምፒውተሩ ዘንድ እንደ ቆምን፣ ወጣቷን ሠራተኛ ጠየቅኋት፤ «መጽሐፉ ከተመለሰ በኋላ የተዋሰው ሰው ስም ይጠፋል?»

«ለምን ይጠፋል፣ ዶክተር?»

«ሰውየው ራሱ አጥፉልኝ ብሎ ቢለምናችሁስ?»

ፈገግ አለች። «ሲስተሙ አይፈቅድም።»

ፊቷ ላይ ክፋት ፈለግሁ። አልነበረም። ትጋት ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት መስታወት ቢሰጡኝ የማየው ፊት ይኸው ነበር። ስለ ንባብ ጥቅም የጻፍሁትን ንግግር አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁትና ወደ አዳራሹ ገባሁ። የአለኸኝን ስም ጠራሁ፤ የሆነውንም እንደ ሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሴን ሳላድን ተናገርሁ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም።