የታጠበችው የበጥሊሞስ ሳንቲም

ቅዳሜ ጠዋት ከዲላ መነኸሪያ የተነሳሁት ለአንዲት ሳንቲም ብዬ ነው። ከታላቁ እስክንድር በኋላ ግብፅን የገዙት የግሪክ ነገሥታት፣ በጥሊሞሶች፣ ያስቀረጿቸውን የነሐስ ሳንቲሞች ስሰበስብ ዓመታት አልፈዋል። የእኔዎቹ ሁሉ ጽሑፋቸው ጠፍቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ የኮንጋ ተማሪዬ በስልኩ ያሳየኝ ግን አረንጓዴ ዝገት የለበሰች፣ ላይዋ ላይ በተቀረጸው ንስር ዙሪያ የንጉሡ ስም ፊደል በፊደል የሚነበብባት ነበረች። ባለቤቷ አያቱ ጋሽ በራሶ ናቸው፤ ለአባታቸው የሰጣቸው አንድ ግሪካዊ ቡና ገዥ ነው አሉ። ወዲያው ደውዬ «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለማንም እንዳያሳዩ» አልኳቸው።

ወናጎ

ሚኒባሱ ሞልቶ ሳለ እዚህ ሌላ ሰው ተጨመረ። «ሰው ነን እኮ፣ ጆንያ አይደለንም!» ብዬ ጮኽኩ። ረዳቱ ሳቀ።

«ወንድም፣ ምቾት ከፈለግህ ኮንትራት ያዝ።»

ደሜ ፈላ። እስከ ይርጋጨፌ አንድ ጉልበቴ የሰው ዘንቢል ተሸክሞ ሄደ።

ኮንጋ

ከይርጋጨፌ በሞተር ነው። በእንሰቱና በቡናው መሃል ያለው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ።

ጋሽ በራሶ ዕድሜያቸውን በቡና ማጠቢያ ጣቢያ የፈጁ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮ በጎመን አበሉኝና መሀረባቸውን ፈቱ። የወጣችው እንደ አዲስ ቁልፍ የምታብለጨልጭ ቢጫ ነገር ነበረች። ንስሩ አንገት የለውም። በፊደሎቹ ቦታ የቀረው ጭረት ብቻ ነው።

«ምን አደረጓት?»

«አጠብኳት መምህር። ሦስት ቀን ሎሚ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ ከዚያ በአሸዋ አሸሁ። የታጠበ ቡናና ያልታጠበ ቡና እኩል ነው እንዴ? ለእንግዳ ቆሻሻ ይሰጣል?»

«ሁለት ሺህ ዓመት የኖረችውን በሦስት ቀን ጨረሷት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ቆጯቸውን በበላሁበት አፍ፣ በገዛ ቤታቸው።

ሳንቲሟን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

«እኔማ አረንጓዴውን ነበር የምወደው» አሉ። «አባቴ እንደዛ ነው የሰጠኝ። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ንፁህ ትፈልጋለህ ብዬ ነው።»

ዲላ

ቤቴ የገባሁት እንደተናደድኩ ነው፤ ንዴቱ ግን ዞሮ በራሴ ላይ ወርዷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የሚለቀምም አላተረፍኩም። ስልክ ስደውል ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብቻ ነበር ያሰብኩት። «አይንኳት» የምትለዋን አንዲት ቃል ሳልናገር ዘጋሁት። እኔ ነገ ሌላ በጥሊሞስ አገኝ ይሆናል። ጋሽ በራሶ ግን የአባታቸውን ሳንቲም፣ እኔን ለማክበር ብለው፣ በገዛ እጃቸው ፍቀው ጨረሷት።