ከጥሩነሽ የደበቅሁት ቃል

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ሄጄ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ተመለስሁ። ጾም ገደፍሁ አልሁ፣ ሰው አማሁ አልሁ፤ ይህን ግን ዋጥሁት። አሁን እናንተ ስሙኝ። ፊደል የቆጠርሁት ካደግሁ በኋላ ነውና በጽሑፌ አትፍረዱብኝ፤ በሠራሁት ፍረዱ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ባሌን ቀብሬ፣ ልጄን አዝዬ፣ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ገላባት ገባሁ። ከዚያ በሎሪ ጭነው ሀዋታ አጠገብ ሰሊጥ አጨዳ ወሰዱን። ሁላችንም ከጎንደር ቆላ የመጣን ነን። አረብኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አባቴ ገላባት ሲነግድ በልጅነቴ እየተከተልሁ ለቃቅሜዋለሁ። ስለዚህ የባለ እርሻው ወኪል የሚለውን ለሰው፣ የሰውን ለወኪሉ የማደርስ እኔ ሆንሁ።

ጥሩነሽ የጭልጋ ሴት ናት። ውሃ ጠባቂ አድርገዋት ነበር። ውሃው ከሩቅ በትራክተር ይመጣና ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይገለበጣል፤ እሷ ለአጫጁ ታድላለች። ልጇን እናቷ ዘንድ ትታው ነው የመጣችው። ሰሊጡ ሲያልቅ ደመወዟን ይዛ፣ እህል ሸምታ፣ ሄዳ ልታመጣው ነው። ሌላ ወሬ አልነበራትም።

"እታለም፣ ይህ ወኪል ሲቆጣ ምንድን ነው የሚለው?" ትለኛለች።

"ይረግመናል።"

"በይ ደህና አድርገሽ መልሽልኝ! አንቺ ምላስሽ ሁለት ነው፣ አንዱን አበድሪኝ" ትልና ትስቃለች።

አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ልጄ በትኩሳት ነደደች። ሹልክ ብዬ ከበርሜሉ ቀዳሁ። ጥሩነሽን ብቀሰቅሳት ትሰጠኝ ነበር። ከድርሻው በላይ የወሰደ ይባረራል ተብሎ ስለነበር ፈራሁና አልቀሰቀስኋትም። ስቸኩል የበርሜሉን ቧንቧ በደንብ አልዘጋሁትም። እኔ ነኝ። ሲነጋ በርሜሉ ባዶ፣ ሥሩ ጭቃ ሆኖ ተገኘ።

ሌላ ውሃ እስኪመጣ አጨዳው ቆመ። ሰሊጥ ደግሞ ቀኑ ካለፈ አይጠብቅም፤ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ወኪሉ ጥሩነሽን በሰው ፊት አቆማት። "ተኝታ አስፈሰሰችው። የረገፈው ሰሊጥ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ አንድ አይቀራትም" አለ። ይህን የተረጎምሁ እኔ ነኝ። "ዘግቼው ነበር፤ ልጄን ይንሳኝ!" አለች። ይህንንም ተረጎምሁ። በልጇ ስትምል እየሰማሁ ዝም አልሁ።

ቀለብ እንዳይከለክሏት ብላ ማጭድ ይዛ ከኛ ጋር ታጭድ ጀመር። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ሱዳናዊ ሹም በመኪና መጣ፤ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከት ነው። ጥሩነሽ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። "ንገሪልኝ" አለች። ነገርሁ። ሰውዬው አዳምጦ በዝግታ መለሰ። ጌታ የሠራተኛውን ደመወዝ ሙሉውን መያዝ አይችልም፣ ሕጉ ይከለክለዋል አለ። ጥፋቱም የማን እንደሆነ ይጣራል፣ በርሜሉ ዘንድ የደረሰ ሁሉ ይጠየቃል አለ።

ይጠየቃል። እኔ የሰማሁት ይህችን ብቻ ነው። ከተጠየቅሁ እባረራለሁ፤ ከተባረርሁ የታመመች ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?

"ምን አለ?" አለችኝ።

"ሕጉ ከጌታው ጋር ነው አለ። ብትከራከሪ ያስሩሻል።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ይህን ሁሉ ተናግሮ ይህችን ብቻ ነው ያለው?"

"ይህችን ነው።"

ወደ ሰውዬው ዞሬ፣ "ትታዋለች፤ ክስ አትፈልግም" አልሁት። ያመነኝ አልመሰለኝም። ሌላ ቃል ጨመረ። እሱን ለጥሩነሽ "አይዞሽ አለሽ" ብዬ አለፍሁት።

ፈርቼ ነው ልበል? ማን ያልፈራ ነበር? ለልጄ ብዬ ነው ልበል? እሷስ ልጅ አልነበራትም?

ሰሊጡ አልቆ ለሁላችን ሲከፈል ጥሩነሽ ባዶ እጇን፣ በእግሯ፣ ወደ ገላባት ሄደች። ስትሰናበተኝ ልጄን ስማ "እንኳን ተረፈችልሽ" አለችኝ። ከደመወዜ ላካፍላት እችል ነበር። ብሰጣት ለምን እንደሰጠኋት ትጠረጥራለች ብዬ እሱንም ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ሰምቼ አላውቅም። የጭልጋ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ልጠይቅ አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ዛሬ ገዳሪፍ እኖራለሁ። ቀጣሪ የበደለው ሁሉ አስተርጉሚልኝ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው አንዲት የቤት ሠራተኛ ሳህን ሰበርሽ ተብላ ደመወዟን ከልክለዋት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አብሬያት ሄድሁ። የተባለውን አንድ ሳላስቀር ነገርኋት፣ ገንዘቧንም አገኘች። ልጄ፣ ያቺ በትኩሳት የነደደችው፣ "የእናቴ አፍ የታመነ ነው" ብላ ኮራችብኝ። ይህን ብታነብ ምን ትለኛለች? እስካሁን እፈራለሁ።

ይቅርታ አልለምናችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ጥሩነሽ፣ በሕይወት ካለሽ ግን፣ አይዞሽ ብዬ ያለፍሁት ቃል ይህ ነበር፦ "ደመወዝሽ ያንቺ ነው። ጥፋተኛ ብትሆኚ እንኳ ጥቂት ጥቂት ይቆረጣል እንጂ ሁሉንም ሊወስድብሽ አይችልም። ወኪሉን ፈርተሽ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት መኪናዬ በዚህ በኩል ይመለሳል። መንገዱ ዳር ቁሚ፣ ይዤሽ እሄዳለሁ።"

መኪናው በማግስቱ መጣ። መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። አንቺ ጎንበስ ብለሽ ታጭጅ ነበር። እኔ አየሁት።