የዘይኑልአቢዲን ነጭ ጎማ

ያን ቀን ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ታቃጥል ነበር። የግንቦት ነፋስ ከቦርከና በኩል አቧራውን እያነሳ በር በሩን ይመታል። በደሴ በኩል ግን ተራራው ጉም ለብሷል። ዝናቡ እዚያ ይዘንባል፣ እኛ ጋ አቧራው ይመጣል። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነበር።

ባለቤቴ ዘይኑልአቢዲን ጎሚስታ ነበር። ወደ አሰብ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች ጎማ እየፈታ ይለጥፋል። ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ የቀበሌያችንን ወጣቶች ኳስ ያሠለጥናል። የሚከፍለው የለም። ኳሷ ስትተነፍስ ከራሱ ከመነዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጦ ይለጥፋታል። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ስለ ኳስ የማውቀው ማልያ ማጠብ ብቻ ነው። እሱን ግን አውቀዋለሁ።

ልምምድ ካለ፣ ነጭ ቀለም የቀባውን ትልቅ ጎማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ከሌለ ያጋድመዋል። ከማዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆኖ እንኳ ይታያል። ለውትድርና የሚያፍሱት ሲበዙ ልጆቹ ቤታቸው ማደር ተዉ። አንዳንዱ ሐርቡ ዘመድ ጋ ሄደ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ ይውላል። ልጅነት ነውና ኳስ ሳይነኩ መዋል አልቻሉም። ዘይኑ ሰብስቦ፣ "ጎማው ከቆመ ሰላም ነው፣ ኑ። ከተጋደመ እንዳትመጡ" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ጎማው የልምምድ ምልክት ብቻ አልነበረም።

ያምኑት ነበር። ያም በከንቱ አልመጣም። ጥር ላይ ከደሴ ቡድን ጋር ለዋንጫ ሲጫወቱ ከልጆቹ አንዱ፣ ሙሄዲን፣ በእጁ ገፍቶ ጎል አገባ። ዳኛው አላየም፣ አጸደቀው። ዘይኑ ሜዳ ገብቶ "በእጁ ነው" አለ። ዋንጫው ደሴ ቀረ። በጭነት መኪና ሲመለሱ ልጆቹ መንገዱን ሁሉ ሲነዘንዙት መጡ።

"አሠልጣኝ፣ ደሴዎች ስንት በግ ሰጡህ?"

"ምን በግ! ሚስት ሊድሩት ነው እንጂ።"

"ዘሀራ ከፈቀደችልኝ" አላቸው፤ እኔን ማለቱ ነው።

ሙሄዲን ብዙ ቀን አኮረፈው። ጎማው ሲቆም ግን ከሁሉም ቀድሞ መጣ።

እንግዲህ በዚያ በነፋሱ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ደምመላሽ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው ነው አልልም፣ ፈሪ ነበር። የውትድርና ኮታው ካልሞላ እሱኑ እንደሚወስዱት ያውቃል።

"ዘይኑ፣ ጎማውን አቁመው።"

"ዛሬ ልምምድ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"እኔ አለ ካልኩ አለ። ልጆቹ ይምጡ፣ የቀረውን እኛ እናውቃለን።"

"እናንተማ ታውቃላችሁ። የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

"አንተም ሠላሳ አልሞላህም፣ ስማኝ! እስከ ዛሬ የተውንህ ወጣቱን ትይዛለህ ብለን ነው። ወይ እነሱ ወይ አንተ።"

"በቡድን ሙሉ ፈንታ አንድ ጎሚስታ? ኮታህ አይሞላልህም።"

"አትቀልድ! እስከ ዐስር እጠብቅሃለሁ" አለና ጠባቂዎቹን ከጎረቤታችን ወፍጮ ቤት አስገብቶ ደበቃቸው።

እጁን ይዤ ወደ ጓዳ ጎተትኩት። "አቁመው" አልኩት። "ልጃችን ገና ጡት አልተወችም። እነሱ እንደሆኑ ዛሬ ቢያመልጡ ነገ ይያዛሉ።"

"ይያዙ ይሆናል" አለ። "በኔ ጎማ ግን አይያዙም።"

"እኔስ? እኔ የማን ቡድን ነኝ?"

"አብሽሪ" ብቻ ብሎኝ ወጣ። ዛሬም ቢሆን "አቁመው" በማለቴ አልቆጭም። የምታጠባ ሴት ሌላ ምን ትላለች?

አዛን ሲባል ጎማው እንደተጋደመ ነበር። ደምመላሽ ተናደደ። አንደኛው ጠባቂ ራሱ ወጥቶ ጎማውን አቆመና ተመልሶ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ፣ በባሕር ዛፉ መሃል ማልያ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሙሄዲን ከፊት ነበር፤ ኳሷን በብብቱ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል።

ያኔ ዘይኑ ከሱቁ ወጣ። ጎማውን ገፍቶ ጣለውና ተቀመጠበት።

"ተነሳ!" አሉት እየሮጡ መጥተው። አልተነሳም። በሰደፍ ጀርባውን መቱት። ሁለት እጁን ከጎማው ሥር አስገብቶ ጨብጦ ያዘ። ሲደግሙት ድምፁን ሰማሁት፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም። ነፋሱ አቧራ አምጥቶ ሁላችንንም ሸፈነን። አቧራው ሲያልፍ ማዶ ላይ ሰው አልነበረም።

እሱን በዚያው ዕለት ከሌሎች ጋር ጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ወሰዱት። ደምመላሽ በደጄ ሲያልፍ "ምን ላድርግ፣ ዘሀራ?" አለኝ። ልጄን አዝዬ ነበር፤ እሷን እንዲያያት ዞር አልኩ።

ያልኩትም አልቀረም። ክረምቱ ሳይገባ ከልጆቹ የሚበዙት ከሐርቡ ገበያና ከመንገድ ላይ ታፈሱ። ሙሄዲን እንደወጣ ቀረ። ለለቅሶ ስሄድ እናቱ ከሪማ እጄን ይዛ፣ "ልጄስ ሄደ። ግን የሸጠው ሰው የለም። ይህን እያልኩ እተኛለሁ" አለችኝ። እሷ ትተኛለች። እኔ ዘይኑ በሌለባቸው ዓመታት፣ ልጄን ይዤ ጉልት እየቸረቸርኩ፣ በዚያ ነገር ተጽናንቼ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም።

ደርግ ሲወድቅ በክራንች ተመለሰ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። የቀሩት ልጆች መጥተው ሲጠይቁት ስለ ቤተሰቦቻቸው ይጠይቃቸዋል፣ ኳስ አያነሳም። ሱቁን በሺር የሚባል ጎሚስታ ተከራይቶታል። ነጩ ጎማ ጓሯችን ተጋድሞ ዝናብ ያጠራቅማል።

ዘይኑልአቢዲን አሁን ኮምቦልቻ፣ እዚያው ቤታችን ነው። አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ይውላል።