የጋሽ ወልዴ አውራ ጣትና የጠጁ ቀማሽ

ቦንጋ ተመድቤ ነርስነት በጀመርኩበት ዕለት የመጀመሪያው ታካሚዬ ንቦች አስከትለው ገቡ። ቦንጋ አጠገብ ያለችው የማንኪራ መንደር ንብ አናቢ ጋሽ ወልዴ ናቸው። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቲማቲም መስሏል፤ እብጠቱን ይመጥጠዋል ብለው ማር ለቅልቀው በኮባ ቅጠል ጠቅልለውታል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ንቦቹን አይቶ ወደ ውጭ ሮጠ። እኔም መሮጥ አምሮኝ ነበር፤ የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ አፈርኩ።

አለቃዬ ጤና መኮንን ብርቱካን ማሩን አሳጠበችኝ። ጣቱን አይታ፣ ደም አስመርምራ ሪህ መሆኑን ነገረቻቸው። ማስታገሻ አዘዘችና ምክሩን ለእኔ ተወችው። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት እየረጋ እንደሚወጋ አስረዳኋቸው። እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲያሳርፉ፣ ውሃ እንዲያበዙ፣ ቀይ ሥጋ፣ ጉበትና መጠጥ እንዲተዉ ነገርኳቸው።

ሁሉንም እሺ አሉ። ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሑድ ብቸኛ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ተቀምጦ የመረቀ አባት መባል ለሳቸው ሞት ነው።

ሐሙስ ተመልሰው መጡ። እብጠቱ ብሶባቸው ነጠላ ጫማ እንኳ አላስገባ ብሏል። ጠጅ ጠጥተው እንደሆነ ብጠይቃቸው ተቆጡ።

«ከመከርከኝ ወዲህ አንድ ብርሌ አልጠጣሁም።»

ነገሩ ሲጣራ ለሠርጉ የተጣለውን ጠጅ ከየጋኑ ሲቀምሱ ሰንብተዋል። መቅመስ የደጋሽ ሥራ ነው እንጂ መጠጣት አይደለም ባይ ናቸው። ይባስ ብሎ በሠርጉ ቀን እሳቸው ቀድመው ካልቀመሱ እንግዳው ብርሌውን አያነሳም፤ ስለዚህ በየጠረጴዛው እየዞሩ ሊቀምሱ ነው።

እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ብርቱካን መድኃኒቱን አስተካከለችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሑድ ተረኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው በሳቸው ፈንታ የምትቀምሰው አንተ ነህ።»

ቀማሽ ዘመድ መሆን አለበትና ጋሽ ወልዴም የእህቴ ልጅ ነው ብለው ሊያስተዋውቁኝ ተስማሙ። ስለዚህ እሑድ እሳቸው ውሃ ሲጠጡ እኔ ከየጠረጴዛው ቀመስኩ። የማንኪራ ማር ቀልድ አያውቅም። በመጀመሪያ ጠረጴዛዎቹ በዙብኝ፤ ቀጥሎ እንግዶቹ መንታ መንታ ሆኑ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ ይዤ ስለ ኩላሊት ትምህርት ስሰጣቸው እንደነበር በኋላ በቲክቶክ አየሁት።

ምርቃቱ ሲደርስ ጋሽ ወልዴ ግራ እግራቸውን በአዲስ ቆዳ ጫማ፣ ቀኙን በነጠላ ጫማ አድርገው ተነሡ። ያለ ምርኩዝ ቆመው ልጃቸውን መረቁ፤ እሷም አለቀሰች፣ እሳቸውም አለቀሱ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ላጨበጭብ ብነሣ እግሬ እምቢ አለኝ።

ደግፈው ወደ ባጃጅ የወሰዱኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። አስተካክለው አስቀመጡኝና በጣም በቁም ነገር መከሩኝ።

«እግርህን ከፍ አድርገህ አሳርፍ። ውሃም አብዛ።»

እሳቸው እብጠቱ ከጠፋ በኋላ ብርቱካን ያዘዘችላቸውን የዩሪክ አሲድ መቀነሻ ዛሬም ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ ይውጣሉ፤ ጣታቸውም ሰላም ነው። እኔ ደግሞ ለአዲስ ነርሶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ የሪህ ታካሚ መጠጥ እንዲተው ስትመክሩ፣ ድግስ ካለበት በፈንታው ማን እንደሚቀምስ አብራችሁ ወስኑ። ቀማሹም የማግስቱ ተረኛ አይሁን።