ካሳነሽ የለካችው ዝናብ

ካሳነሽ የጎዴን ሜትሮሎጂ ጣቢያ ከለቀቀች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ያም ሆኖ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰማይ ሳታይ መዋል አይሆንላትም። የደሴ ልጅ ናት። በሃያ አራት ዓመቷ በረሃ ተመድባ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙቀት ስታነብ፣ ነፋስ ስትለካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሆነ የዝናብ መለኪያ ስትከፍትና ስትዘጋ ኖራለች። ጆሃንስበርግ የመጣችው ወንድሟ ጠርቷት ነው። ወንድሟ ብዙም ሳይቆይ ወደ ኬፕታውን ሄደ፤ እሷ ትሮይቪል በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ቀረች። ዱርንፎንቴን ውስጥ መጋረጃ እየሰፋች ትተዳደራለች።

የምትኖርበት ቤት አሮጌ ነው። ኮረብታው ወገብ ላይ ስለተሠራ ከጓሮ በኩል ሦስት ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት አለው። ቤቱን በስሙ ተከራይቶ ክፍሎቹን ለአገር ልጆች የሚያከራየው ሽጉጤ የሚባል የሆሳዕና ሰው ነው፤ ከባለቤቱ ከኤርጎጌና ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው ልጁ ከሳምሪ ጋር እዚያው ይኖራል። ካሳነሽ በጓሮው በረንዳ ጥላ ሥር ሁለት ቴርሞሜትሮች ሰቅላለች። የአንደኛው ጫፍ በጫማ ማሰሪያ ተጠቅልሎ ውኃ ውስጥ የተነከረ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲጠብ አየሩ እርጥበት አዝሏል ማለት ነው። ከአጥሩ አጠገብ ደግሞ አፉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንጨት ላይ አስራ ዝናብ ትለካበታለች። የሚያዩዋት ተከራዮች ይስቁባት ነበር፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች።

በ2013 ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ግን ሳቁ ቆመ። ኮሮና ከተማዋን ለሁለተኛ ጊዜ ይዟት ነበር። አየሩም የሌላ አገር አየር መሰለ። ካሳነሽ የለመደችው፣ ዝናብ የሚጥልበት የጆሃንስበርግ በጋ ሌላ ነው፤ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ከምዕራብ ተነስቶ ይመጣል፣ ለግማሽ ሰዓት ያጓራና ያልፋል። ያን ዓመት ደመናው ከምሥራቅ፣ ከኬንሲንግተን ኮረብታ ጀርባ ይመጣ ጀመር። ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ያካፋል፣ አራተኛው ቀን ላይ በድንገት ይወርዳል። ቀድሞ የአሥር ዲግሪ ልዩነት የሚያሳዩት ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ወደ አራትና ሦስት ወረዱ። ሰኞ ዕለት በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ጣለ። ውኃው ከመንገዱ ተንደርድሮ ጓሮውን ሞላና የምድር ቤቱን ደረጃ ወርዶ ከበሩ መድረክ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ኤርጎጌ ያለችው እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ከታመመች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ላይኛው ቤት ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ስላሉ በሽታው እንዳይደርስባቸው ብላ ራሷ ናት ወደ ታች የወረደችው። ሁለት ሆስፒታል ወስደዋት በሁለቱም አልጋ አልተገኘም። በመጨረሻ ሽጉጤ የኦክስጅን ማሽን ተከራይቶ አመጣ። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ይሠራል። መብራት ቢጠፋ መጠባበቂያ የሚሆን አንድ ትንሽ ሲሊንደር አብሮ ሰጥተውታል፤ እሱም ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ዶክተሩ በስልክ፣ “ማሽኑን አታጥፉ፣ እሷንም አታንቀሳቅሷት” ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ካሳነሽ ወደ በረንዳው ስትወጣ አየሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። በቴርሞሜትሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ነው። ገና አራት ሰዓት ሳይሆን በኬንሲንግተን በኩል ደመናው እንደ አበባ ጎመን እያበጠ ወደ ላይ ይወጣል። ደመና እንዲህ የሚቆለለው ሌላ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ነፋስ የሚባል የለም። የጎረቤት ቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ እዚያው ቆሟል።

 ጎዴ ሳለች አንድ ሚያዝያ ላይ ከደጋው በሬዲዮ የሚመጣው የዝናብ መጠን በሦስት ቀን ውስጥ በእጥፍ ጨምሮ አይታ ነበር። ጎዴ ላይ ሰማዩ አንዲት ደመና አልነበረበትም። ቁጥሩን መዘገበች፣ ወደ አዲስ አበባ አስተላለፈች፣ ዝም አለች። አለቃዋ፣ “ታዛቢ ይመዘግባል፤ ትንበያ የሌላ ሰው ሥራ ነው” ይላት ነበር። በማግስቱ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ በዳርቻው ያሉትን ጎጆዎች ጠረገ። በየማለዳው ወተት የምታመጣላት ሴት ፍየሎቿን በሙሉ አጣች። “አንቺ ታውቂ ነበር?” ብላ ጠየቀቻት። ካሳነሽ፣ “አላውቅም ነበር” አለች። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን በኋላ ወተት አላመጣችላትም።

ጭምብሏን አጥልቃ ሽጉጤን ፍለጋ ሄደች። በምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተቀምጧል። ስድስት ቀን በወጉ አልተኛም።

“ሽጉጤ፣ ኤርጎጌ ዛሬ ከዚህ መውጣት አለባት” አለችው።

“ምን ማለትዎ ነው እትዬ? ዶክተሩ አታንቀሳቅሷት ብሏልኮ።”

“ውኃ ይገባባታል። ከሰኞው የባሰ ነው የሚመጣው።”

ሽጉጤ ቀና ብሎ አያት። “ሐሙስም እንዲሁ ብለውኝ ለንግድ ያስቀመጥኩትን ሃያ እስር ብርድ ልብስ ከመጋዘን ተሸክሜ አወጣሁ። አንድ ጠብታ አልወረደም።”

እውነቱን ነው። ሐሙስ ተሳስታ ነበር፤ ደመናው ተቆልሎ ተቆልሎ ማታ ላይ ተበተነ።

ሳምሪ ስልኳን ይዛ መጣች። “አንቲ፣ አፑ ዝናቡን ሠላሳ ፐርሰንት ነው የሚለው። ስቶርሙም ወደ ዌስት ያልፋል ይላል፤ እዩት።”

“አፑ ይህን ጓሮ አያውቀውም፣ ሳምሪዬ።”

“ካልመጣስ?” አለ ሽጉጤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ለማንቀሳቀስ ሲሊንደሩን መክፈት አለብኝ። ያለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እሱን ደረጃ ላይ ጨርሼ ማታ መብራት ቢሄድ ምን ላደርግ ነው? እርስዎ ነዎት የሚተነፍሱላት?”

 ስሌቱ ትክክል ነው። ካሳነሽ ጎንበስ ብላ ሦስተኛው ደረጃ አጠገብ ግድግዳው ላይ የደረቀውን የጭቃ መስመር በጣቷ አሳየችው። “ይህን ያደረገው ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ነው። እኔ ነኝ የለካሁት። ከዚህ ላይ አሥር ብቻ ቢጨምር መድረኩን ያልፋል። የማሽኑ ገመድ የት ነው ያለው?”

ሽጉጤ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ኤክስቴንሽኑ ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው እግር ሥር ነው። ኤርጎጌ ዓይኗን ገልጣ ስታያቸው ኖሯል።

“ሽጉጤ” አለች። በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ትወስዳለች። “ሰኞ ዕለት… ውኃው በሩ ሥር ሲደርስ… የሰማሁት እኔ ነኝ። አንተ ላይ ቤት ነበርክ። አውጣኝ።”

ሌላ ክርክር አልነበረም። ሳምሪ ላይኛው ቤት ያለውን የራሷን ክፍል ባዶ አደረገች፤ መስኮቶቹን ከፈተች፤ ሽማግሌዎቹንና ሕፃናቱን ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ካሳነሽ ሲሊንደሩን አቀፈች። ሽጉጤና ሳምሪ ኤርጎጌን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው አነሱ። ከአምስት ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፏል።

ሦስቱን ደረጃ ወጡ። ጓሮውን አቋረጡ። ወደ ላይኛው በረንዳ አሥራ አንድ ደረጃ አለ፤ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ኤርጎጌ አንገቷ ዘመመ። ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ዘጠና አንድ የነበረው ሰባ ስድስት አለ።

“አስቀምጧት!” አለች ካሳነሽ።

“እዚህ? ደረጃ ላይ?”

“አስቀምጧት! ሳምሪ፣ ጀርባዋን ያዢ፣ ወደ ፊት አጎንብሻት።” ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የኤርጎጌ ፊት ከእሷ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም፤ የካሳነሽ ጭምብል በላብ ርሶ ወደ አገጯ ወርዷል። ልታስተካክለው እጅ አልነበራትም። ሰባ አራት። ሰባ አራት። ሽጉጤ በሀዲይኛ የሆነ ነገር ይናገራል፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አይታወቅም። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ አምስት ሲል እንደገና አነሷት።

ማሽኑን ላይ አምጥተው ሰኩት። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች።

ከምሥራቅ የተነሳው ደመና ለሁለት ተከፍሎ በመሃሉ ሰማያዊ ታየ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። የኤርጎጌ መለኪያ ሰማንያ ስምንት ላይ ቀርቶ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ሽጉጤ በረንዳው ላይ ወጥቶ ከካሳነሽ አጠገብ ቆመ። 

“እትዬ ካሳነሽ፣ አንድ ነገር ብትሆን…” ብሎ ጀመረና ተወው።

ካሳነሽ ቴርሞሜትሮቹን አየች፤ ልዩነቱ አልሰፋም። ነፋስ የለም። “ተሳስቼ ከሆነ እኔ ነኝ የገደልኳት” የሚለውን ቃል በልቧ ሙሉውን ብላዋለች፤ ከአፏ ግን አላወጣችውም።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በግንባሯ ላይ ቅዝቃዜ መጣ። አቅጣጫው ከምሥራቅ ነው። የአጥሩ ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ፤ የኬንሲንግተን ኮረብታ ጠፋ። የመጀመሪያው በረዶ ጣሪያው ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ መስሏቸው ሽማግሌዎቹ ጮሁ። ወዲያው መነጋገር አልተቻለም። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ውኃው ቆሻሻና የበረዶ ጠጠር እየገፋ በግቢው በር ሥር ገባ፣ ጓሮውን ሞላ፣ በሦስቱ ደረጃ ላይ ተንደረደረ። ሽጉጤ የምድር ቤቱ በር ወደ ውስጥ ሲከፈትና አልጋው ከቦታው ሲነሳ ከበረንዳው ላይ ሆኖ አየ። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

በዚያው ቅጽበት መብረቅ ወረደ፤ መብራት ጠፋ። የማሽኑ ድምፅ ቆመ።

ሳምሪ ሲሊንደሩን ከፈተች። ካሳነሽ ሰዓቷን አየች። “ዝቅ አድርገሽ ክፈቺው፤ ሰማንያ አምስት ላይ ይበቃናል። ማን ጄኔሬተር አለው?”

“አብዱልሀፊዝ” አለ ሽጉጤ። አብዱልሀፊዝ ከሦስት ቤት በታች ፍሪጅ የሚጠግን የጅማ ሰው ነው። ስልኩ አይነሳም። ሽጉጤ ጫማውን ሳያስር ወደ ዝናቡ ወጣ። ውኃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል።

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሠላሳ። ሳምሪ የእናቷን እጅ ይዛ፣ “ማሚ፣ ብሪዝ፣ ቀስ ብለሽ” ትላለች። የሲሊንደሩ ቀስት ወደ ቀዩ ገባ። ካሳነሽ መቁጠር አቁማ መስኮቱ ጋ ቆመች። በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ ሁለት ሰዎች ጄኔሬተሩን እንደ ቃሬዛ በትከሻቸው ተሸክመው በበሩ ገቡ። አብዱልሀፊዝ በረንዳው ላይ አስቀምጦ ገመዱን ሦስት ጊዜ ሳበው፤ በአራተኛው ተነሳ።

“እናንተ ሰዎች” አለ እያለከለከ፣ “ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበርኮ።” ማንም አልሳቀም። ማሽኑ መጮህ ጀመረ።

መብራት የተመለሰው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ውኃው የአልጋውን ፍራሽ አልፎ ቆሟል። ካሳነሽ ጠርሙሷን ስታይ የበረዶው ጠጠር አፉን ደፍኖት አገኘችው። ስለዚህ መዝገቧ ላይ “ከአርባ ስምንት ሚሊሜትር በላይ፤ ትክክለኛው አልታወቀም” ብላ ጻፈች።

ከአምስት ቀን በኋላ ራሷ ታመመች። ደረጃው ላይ እንደያዛት ታውቃለች። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ትኩሳቱ ሲለቃት የቡናም የሳሙናም ሽታ ጠፍቶባት ነበር፤ ሽታው እስከ ሰኔ ድረስ በወጉ አልተመለሰላትም። ኤርጎጌ በየካቲት መጨረሻ ማሽኑን ተወች። መጋቢት ላይ ያለ ሰው ድጋፍ አሥራ አንዱን ደረጃ ወርዳ ስትወጣ ካሳነሽ በመስኮት ታያት ነበር፤ ሁለት ጊዜ አርፋለች።

ሽጉጤ ስለዚያች ቀን አንስቶ ይቅርታም ምስጋናም አልተናገረም። ካሳነሽ ታማ ሳለች ግን በየጠዋቱ በሯ ላይ አጥሚት ያለበት ሳህን ይቀመጥ ነበር፤ አንኳኩቶ የሚሄደው እሱ ነው።

በሰኔ ቤተሰቡ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ሱቅ ያለው ቤት አግኝቶ ሄደ። ካሳነሽን ቤቱን እንድታይ ጠሯት። ኤርጎጌ በር ላይ ተቀብላ ወደ ሳሎን ልታስገባት ስትል ካሳነሽ፣ “ቆይ እስቲ” አለችና ወደ ጓሮው ዞረች። የመሬቱ ዘንበል ወዴት እንደሆነ፣ የጎረቤት ውኃ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ መውረጃው መደፈንና አለመደፈኑን አንድ በአንድ አየች። ሽጉጤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ከኋላዋ ይከተላታል። ስታጎነብስ ይቆማል፤ ስትራመድ ይራመዳል።

“እህሳ?” አላት በመጨረሻ።

“በዚህ በኩል አንድ ቦይ ያስፈልገዋል” አለች። “መስከረም ላይ ዝናቡ ሳይጀምር።”

“ነገ አስቆፍራለሁ” አለ።